የጎርፍ ጠላፊው ቃል

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ እስከ ዛሬ እቸገራለሁ። «የውሃ ነገር ነው» ስል መሐንዲስ እመስላቸውና ቧንቧቸው እንደሚያፈስ ይነግሩኛል። «አንትሮፖሎጂስት ነኝ» ስል ደግሞ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወሬ ይቀይራሉ። ሥራዬ አንድ ውሃ የሚጋሩ ሰዎች እንዴት እንደሚስማሙና በምን እንደሚጣሉ ማዳመጥ፣ ከዚያም ግድቡንና ቦዩን የሚሠሩት ሰዎች ባለቤቶቹን ሳይጠይቁ እንዳይሠሩ መጨቅጨቅ ነው። በዚህ ጭቅጭቅ ጡረታ ወጣሁ። አዋሽ ዳር፣ ጣና ዳር፣ ኮንሶ እርከን ላይ ብዙ ተቀምጫለሁ። እንዲህ ጨቅጫቃ ያደረገኝ ግን የመጀመሪያው የሥራ ጉዞዬ ነው፤ በደርግ ዘመን፣ ክፉው ቀን ካለፈ ብዙም ሳይቆይ፣ ወደ ራያ ቆቦ ሄጄ ነበር። ያን አገር አይታችሁት ለማታውቁ፣ ምናልባትም መንገዱ ለማይገጥማችሁ፣ ከመነሻው ልንገራችሁ።

ሰኞ፤ ከአዲስ አበባ ደሴ

ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ያኔ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር፤ የእኔን አለቃዬ በማኅተም አሳምሮ ሰጥቶኛል። የምሄድበትንም ጉዳይ ነግሮኛል። በቆቦ ሜዳ ገበሬዎች ክረምት ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳቸው እያስገቡ ማሽላ ያበቅላሉ። መንግሥት እዚያ የሲሚንቶ ግድብ ሊሠራ አስቧል። የእኔ ሥራ ከዚያ በፊት ጎርፉን ማን እንደሚያከፋፍልና በምን ደንብ እንደሚያከፋፍል አጥንቶ መምጣት ነው። «አያ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ እሳቸውን ካገኘሽ ሥራሽ አለቀ» አለኝ።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። እኛ አገር ዝናብ ለምኖ የሚያመጣው የለም፤ ራሱ መጥቶ እስኪሰለች ይቆያል። አባቴ ክረምት በገባ ቁጥር ማሳው ላይ ቦይ የሚያወጣው ውሃው ሄዶ እንዲገላግለው ነው። ጎርፍን ጠርቶ ቤቱ የሚያስገባ ገበሬ አለ ቢሉኝ አለቃዬ የሚቀልድብኝ መሰለኝ።

አውቶቡሱ ጣርማ በርን በጉም ውስጥ ተሻግሮ ወደ ቆላው ሲወርድ ሹራቤን አወለቅሁ። ከሚሴን እንዳለፍን ሞተሩ ጋለና ቆምን። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ፍለጋ ተበታተነ። ከጎኔ የተቀመጡት የደሴ ነጋዴ ሴት ብርቱካን ልጠው ግማሹን ለእኔ ሰጡና ማን ዘመድ ዘንድ እንደምሄድ ጠየቁኝ። ማንም ዘንድ አልሄድም ስላቸው ደነገጡ። ደሴ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው፤ ሰዓት እላፊው ተቃርቧል፣ ሆቴሎቹም ወታደር ሞልቷቸዋል። ሴትዮዋ ሻንጣዬን በአንድ እጃቸው፣ እኔን በሌላው ይዘው ቤታቸው ወሰዱኝ። እኔ ጾም ይዤ ስለነበር ለእኔ ብቻ ሽሮ አስሠሩ። የደሴ ብርድ ከዳንግላ ብርድ የባሰ አይደለም፤ እሳቸው ግን ሁለት ጋቢ ደረቡልኝ።

ማክሰኞ፤ ከደሴ ቆቦ

ሐይቅን፣ ውርጌሳን፣ መርሳን አልፈን ወልድያ ምሳ በላን። ኬላ ላይ ሁሉ እየወረድን ተፈተሽን። መንገዱ ላይ የወታደር ካሚዮን ብዙ ነበር፤ ወሬው ሁሉ ስለ ሰሜኑ ጦርነት ስለሆነ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ከወልድያ በኋላ ተራራው ወደ ግራ እየሸሸ ሜዳው ተከፈተ። ጎብዬ ላይ ብዙ ገበያተኛ ወረደ፤ ረዳቱም ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዕቃቸውን ወረወረላቸው። ከዕቃቸው ጋር የእኔም ሻንጣ ወርዶ ኖሮ፣ ይህን ያወቅሁት ሮቢትን አልፈን ቆቦ ስንደርስ ነው። ረዳቱን ብቆጣው፣ «ጎብዬ ሰው ጨዋ ነው፤ አብሽሪ» አለኝ። አይዞሽ ማለቱ ነው። ጨዋዎቹ ሻንጣዬን እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም።

ቆቦ አንድ ረጅም መንገድና በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰደሩ ቤቶች ነበረች። ሙቀቱ ከምድር ነው የሚነሳው። ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት ክፍሉን ካሳየችኝ በኋላ፣ «እዚህ ውስጥ ግን አትተኚም፤ ትሞቻለሽ» ብላ አልጋዬን ግቢ አውጥታ እሷና ልጆቿ ከሚተኙበት አጠገብ ዘረጋችልኝ። በዳንግላ ክረምት ደጅ መተኛት እብደት ነው። እዚያ ሐምሌ ገብቶ እንኳ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችውና፣ «ዘንድሮም ሊነፍገን ነው» አለች።

ረቡዕ፤ ወደ መንደሩ

ጠዋት፣ ለገበያ መጥተው ቆቦ ያደሩ አንድ ገበሬ መንገዱን ሊያሳዩኝ ተስማሙ። አቶ ሞላ ይባላሉ፤ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ፣ ቀጭንና ፈጣን ሰው ናቸው። አህያቸውን እየነዱ፣ እኔ በአንድ ቀሚስና በከተማ ጫማ እየተከተልኩ ሄድን። መንገዳችን ላይ አሸዋና ድንጋይ ብቻ የሞላበት ሰፊ ሸለቆ አቋረጥን።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ወንዙ ነዋ።»

«ውሃውስ?»

በጅራፋቸው ወደ ምዕራብ፣ ሰማያዊ ሆኖ ወደሚታየው የላስታ ተራራ አመለከቱኝ። «ውሃው እዚያ ነው ያለ። እዚያ ሲዘንብ እዚህ ይደርሳል። እዚህ ጠብ ሳይል፣ ፀሐይ እንደወጣች፣ ድንገት ያጓራል። ኸያዝነው እንበላለን፤ ኸለቀቅነው በዞብል ሾልኮ አፋር ይወርዳል።»

በወንዙ ዳርና ዳር ከአፈር፣ ከድንጋይና ከእሾህ የተሠሩ ረጃጅም ክትሮች ወደ ማሳው ያመራሉ። ማሽላው ጉልበት ድረስ ደርሶ ቅጠሉ ተጠቅልሏል። አቶ ሞላ አንዱን ቅጠል በጣታቸው ዳሰስ አድርገው አህያቸውን ነዱ። ስለ አያ እንድሪስ ስጠይቃቸው፣ «ቤታቸው አደርስሻለሁ፤ እሳቸውን ግን አታገኚያቸውም። ኸባለቤታቸው ስሚው» ብለው ተውኝ።

ባለቤታቸው እማማ ዘይነባ በር ላይ ተቀበሉኝ። ሻንጣዬ ጠፍቶ በላብ የራሰ አንድ ቀሚስ ብቻ እንደቀረኝ ሲሰሙ ከየት መጣሽ እንኳ ሳይሉ ገብተው የራሳቸውን ቀሚስና ሻሽ አመጡልኝ። ቀሚሱ እኔን የመሰለ ሌላ ሰው የሚያስገባ ነበር። የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝ። እኛ ቤት እንጀራ የጤፍ ካልሆነ እንግዳ ፊት አይቀርብም፤ ያንን የማሽላ እንጀራ ግን እሳቸው አጥፈው ባጎረሱኝ ቁጥር እየጣፈጠኝ ሄደ። እየበላሁ አያ እንድሪስ የት እንዳሉ ጠየቅሁ።

«ታስረዋል፤ ቆቦ።»

«በምን?»

«በጠለፋ።»

የያዝኩትን ጉርሻ አስቀመጥኩት። ታላቅ እህቴ ከወንዝ ስትመለስ ተጠልፋ ነው ባል ያገባችው፤ በቤታችን ያ ቃል ሲነሳ እናቴ እስከ ዛሬ ተነስታ ትወጣለች። የለበስኩት ቀሚስ የጠላፊ ሚስት ቀሚስ መሆኑን ሳስብ ሰውነቴን በላኝ። እማማ ዘይነባ ፊቴን አዩና፣ «አንቺም እንደዚያ ካድሬ ሰማሽው» አሉኝ።

ያን ጊዜ አህያቸውን አስረው የገቡት አቶ ሞላ ከእሳቸው ጋር እየተቀባበሉ ነገሩን ነገሩኝ። በዚያ አገር ጎርፉን ከወንዙ መልሶ ወደ ማሳ ማስገባት «ጠለፋ» ነው የሚባለው። ሥራውን የሚመራው፣ ክትሩ መቼ እንደሚከፈትና ተራው የማን እንደሆነ የሚወስነው ሰው ደግሞ «ጠላፊ» ይባላል። ልጃገረድ በጉልበት ስትወሰድ ግን «ተነጠቀች» ነው የሚሉት። አዲሱ ካድሬ ገና ልጅ ነው፤ ይህን አያውቅም። ከሸዋ ከመጣ ገና ወሩ ነው፤ ሕዝቡን ሰብስቦ ጎጂ ልማዶችን እናጠፋለን አለ።

«ጥሩ ነው አልን» አሉ አቶ ሞላ። «ኸዚያ፣ በዚህ ቀበሌ ጠላፊ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አለ እንጂ አልን፤ ስለ ጎርፋችን የሚጠይቅ የመንግሥት ሰው መጣልን ብለን ደስ ብሎን! እኔው ነኝ ተነስቼ፣ የኛን አያ እንድሪስ የሚያህል ጠላፊ በራያ የለም፣ አባታቸውም ጠላፊ ነበሩ ያልኩት።»

«እሳቸውስ?»

«እሳቸውማ ተነሱና፣ ኢንሻአላህ ዘንድሮም እንጠልፋለን አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። ልጁ፣ ብቻዎን ነው የሚጠልፉት ቢላቸው፣ ኧረ ብቻ አይቻልም፤ መንደሩ ነው ነቅሎ የሚወጣ አሉት። ኸጠለፋችሁ በኋላስ ቢላቸው፣ በተራ ነዋ፤ ደንብ አለን አሉት። ወላሂ ልጁ አመድ መሰለ።»

መሳቅ አማረኝ። እማማ ዘይነባ ግን አልሳቁም፤ ስለዚህ ዋጥኩት። ከዚያ ወዲህ የትም አገር ስሄድ፣ ገና ቁጭ ሳልል የምጠይቀው «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ብዬ ነው።

«ጎርፉ ቢመጣስ?» አልኩ።

«ያ ነው ጭንቁ» አሉ እማማ ዘይነባ። «የላዩና የታቹ ሰው እሳቸው ቆመው ካልሆነ አይተማመንም። ባለፈው ክፉ ቀን ማን እንደቀረን፣ ማን እንደሄደ አንቺ አታውቂም። ዘንድሮ ካመለጠን እኔ እንጃ።» አቶ ሞላ መሬት መሬት አዩ። በኋላ እንደሰማሁት በክፉው ቀን ሁለት ልጆች ቀብረዋል።

ሐሙስ፤ ቆቦ፣ ካድሬው ዘንድ

ከእማማ ዘይነባ ጋር ተመልሰን ቆቦ ሄድን። እሳቸው ለባላቸው ስንቅ ይዘው ወደ እስር ቤቱ፣ እኔ ወደ ጽሕፈት ቤቱ። ካድሬው፣ ጓድ ታምሩ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው፤ ሸሚዙ በሙቀቱ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። ጨካኝ ሰው ጠብቄ ነበር። አላገኘሁም። የቃሉን ነገር ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ጆሮው ቀላ፣ ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል?»

«ራያ በሙሉ ያውቃል» አልኩት።

ወንበሩ ላይ ተመልሶ ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። «ለአውራጃ ሪፖርት አድርጌያለሁ። በሕዝብ ፊት ያመነ ጠላፊ ይዣለሁ ብዬ። አመሰገኑኝ። ተባባሪዎቹንም ይዘህ ላክ ብለውኛል።»

«ተሳስቻለሁ በላቸዋ።»

«አንቺ ከየት ነው የመጣሽው? ጎርፍን ከሴት ያልለየ ካድሬ ብለው ይስቁብኛል። መሳቅ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር።» በዚያን ዘመን ከመሳቅ በኋላ ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሲያስብ ቆይቶ መውጫ አገኘ። ነገ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መንደሩ ይሰበሰባል። ሽማግሌው በሕዝብ ፊት ተነስተው «ከእንግዲህ አልጠልፍም» ይላሉ። እሱም «ጥፋተኛው ተጸጽቷል» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። «እምቢ ካሉ ግን እሳቸውንም፣ እንጠልፋለን ብለው ያጨበጨቡትንም ነገውኑ ወልድያ መላኬ ነው። ምርጫ የለኝም።» ሁለት ቃል ነው፤ ከአፍ የሚወጣ ነገር ማንን ገደለ ብዬ እፎይ አልኩ።

እስር ቤቱ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። አያ እንድሪስን በአጥሩ በኩል አገኘኋቸው። ሽበታቸው በሂና ቀልቷል፤ ትከሻቸው የወጣት ነው። ማን እንደሆንኩ ባለቤታቸው ነግረዋቸው ስለነበር፣ «መርሐባ፣ እንግዳችን። ሳላስተናግድሽ» ብለው አጥሩ ላይ ይቅርታ ጠየቁኝ። የካድሬውን ሐሳብ ነገርኳቸው።

«ጠለፋ ተውኩ በሉ ነው ያለው?»

«እሱ የሚያስበው ስለ ሴት ነው፣ አባቴ።»

«እሱ የሚያስበውን አላህ ይወቅለት። ቃሉ የሚወጣው ኸኔ አፍ ነው።» አጥሩን በእጃቸው ያዙ። «ሞላንም ይወስዱታል?»

«እምቢ ካሉ አዎ። ሌሎቹንም።»

ወደ ምዕራብ ዞሩ። ላስታ ላይ ጥቁር ደመና ተኝቷል። እማማ ዘይነባ የስንቁን ሰሃን ተቀብለው፣ «አፊያ ሁኑ» አሉና ሄድን። መንገዱን ሁሉ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ቀድመውኝ ሄዱ፤ እኔ ግን ነገ ይፈታሉ ብዬ ደስ ብሎኝ እያወራሁ ሄድኩ።

ዓርብ፤ ከጁምዓ በኋላ

ሰዉ ከሶላት ወጥቶ መንደሩ መካከል ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ተሰበሰበ። ክርስቲያኖቹም መጥተዋል። ከላያችን ሰማዩ አንድ ደመና የለውም፤ በምዕራብ ግን ተራራው ጠፍቷል። ሁሉም ዓይን ወደዚያ ይሄድና ይመለሳል። ማንም ስለ ጎርፍ አላነሳም፤ በቃሉ የደነበረ ሕዝብ አፉን ይጠብቃል።

አያ እንድሪስን ሁለት ታጣቂዎች ይዘዋቸው መጡ። ጓድ ታምሩ አጭር ንግግር አደረገና፣ «እንግዲህ አባታችን የሚሉት አለ» ብሎ ቦታውን ለቀቀላቸው። ሽማግሌው ቆሙ። አቶ ሞላን አዩ፤ ከአቶ ሞላ ጎን የተደረደሩትን አዩ፤ ተራራውን አዩ።

«በሉ እንጂ!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «አያ እንድሪስ፣ በአላህ፣ ይበሉትና ይገላገሉ!»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ወላሂ፣ ኸዛሬ ጀምሮ አልጠልፍም።»

ጭብጨባው አስተጋባ። ጓድ ታምሩ ሄዶ ሁለት እጃቸውን ጨበጠ፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ የእውነት ነበር። እኔም አጨበጨብኩ። ከሰዉ ሁሉ እማማ ዘይነባ ብቻ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ቆመው ነበር።

ስብሰባው ገና ሳይበተን ንፋስ መጣ፤ የእርጥብ አፈር ሽታ ያለው ንፋስ። ቀጥሎ ድምፅ መጣ። በአስፋልቱ ላይ የወታደር ካሚዮኖች ተከታትለው የሚያልፉ መሰለኝ፤ ድምፁ ግን ከአስፋልቱ ሳይሆን ከወንዙ በኩል ነው። «መጣ!» አለ አንድ ሰው፤ ሕዝቡ እንዳለ ተነቅሎ ሮጠ። ወንዱ አካፋና ዶማ፣ ሴቱ የእሾህ ቅርንጫፍ እየጎተተ። በወንዙ ትላንት እኔ በጫማዬ የተሻገርኩት አሸዋ ላይ ቡናማ ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ አየሁ። የእኛ አገር ሰው ይህን ቢያይ ከብቱን ነድቶ ወደ ኮረብታ ነው የሚሸሸው። እነሱ ወደ ውሃው ሮጡ።

አቶ ሞላ ግማሽ መንገድ ሄደው ተመለሱ። አያ እንድሪስ ሾላው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተዋል።

«አያ እንድሪስ፣ ይነሱ እንጂ! የላዮቹ መክፈት ጀምረዋል!»

«ምያለሁ፣ ሞላ።»

«እሱማ ስለ ሴት ነው! ልጁ የጠየቀዎ ስለ ሴት ነው!»

ሽማግሌው ቀና አሉ። እንዲህ ያሉትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ሴት ጠልፌ አላውቅም። ያላደረግሁትን ተውኩ ብዬ ኸማልኩ የዋሸሁት አላህን ነው። የማውቀው ጠለፋ አንድ ነው፤ የተውኩትም እሱን ነው። ሌላ ምን ነበረኝ የምተው?»

ጓድ ታምሩ ከጎናቸው በርከክ አለ። «አባቴ፣ እኔ ነኝ ያስማልኩዎ። እኔው ፈቅጃለሁ፤ ይሂዱ፣ እባክዎ።»

«አንተማ ልታስረኝም ልትፈታኝም ትችላለህ፣ ልጄ። ቃሌን ግን አንተ አላሰርከውም፤ አትፈታውም።» ቁጣ የለባቸውም፤ ለልጅ እንደሚያስረዱ ነው የተናገሩት። ከዚያ ወደ አቶ ሞላ ዞሩና፣ «ሂድ። አንተ አልማልክም» አሏቸው።

አቶ ሞላ ሄዱ። ያን ከሰዓት መንደሩ ያለ ጠላፊው ጠለፈ። መጀመሪያ ላይ የላዩና የታቹ ሰው ተጯጯኸ፤ አካፋ የተነሳበትም ነበር። ጩኸቱ ሾላው ድረስ ሲመጣ አያ እንድሪስ የሙስበሃ መቁጠሪያቸውን አንድ ፍሬ በጣታቸው ያዙትና አላሳለፉትም። ትልቁ ክትር ተናደ፤ ብዙ ውሃ ወደ ዞብል አመለጠ። ጓድ ታምሩ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ሰብስቦ ገብቶ እሾህ ያቀብል ጀመር፤ እኔም በእማማ ዘይነባ ቀሚስ ገባሁ። አቶ ሞላ በተናደው ክትር ላይ ቆመው ድምፃቸው እስኪዘጋ «የላዮች በቃችሁ! የታቾች ክፈቱ!» እያሉ ጮኹ። የሚሰማቸው የለም ስንል ቀስ በቀስ ሰሟቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ውሃው በየማሳው ገብቶ፣ ክረምት ባልዘነበበት አገር ሜዳው ሐይቅ መስሎ ነበር። ሰዉ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እየሳቀ ሲመለስ ሾላው ጋ ሲደርስ ሳቁን ያቆማል፤ «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ዝቅ ብሎ ያልፋል። እሳቸውም ለእያንዳንዱ መለሱ።

ቅዳሜ፤ መሰናበቻ

ጠዋት ወደ ሮቢት ወጥቼ አውቶቡስ ልይዝ ተነሳሁ። የእማማ ዘይነባን ቀሚስ አጥቤ ልመልስ ብል ተቆጡኝ፤ «ምን ለብሰሽ ልትገቢ ነው አገርሽ?» አሉኝ። አያ እንድሪስ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሌሊቱን እንደተኙ አላውቅም፤ ሊያስተናግዱኝ ግን ተነስተው ወተት እንዲቀዳልኝ አዘዙ፤ መንገዴንም ጠየቁኝ። ስለ ግድቡ እንኳ ሳልጠይቃቸው፣ «ስሚንቶው ይምጣ፤ መጥፎ አይደለም። ሰዉን ይጠይቁት እንጂ» አሉኝ። ደህና መስለውኝ ነበር።

አቶ ሞላ መጡ። ድምፃቸው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት፤ ፊታቸው ግን በርቷል። «አብሽሩ አያ እንድሪስ፤ ማሳዎ ጠጥቷል። ጥግብ ብሎ ነው ያደረ።»

ሽማግሌው የወተቱን ጣሳ ይዘው ቀሩ። «የታቾች ሁሉ ጠጥተው አለቁ?»

«የታቾች ገና ናቸው፤ ግማሹ አልደረሰውም። የሚቀጥለውን ነው የሚጠብቁ።»

«የኔ መቼ ጠጣ ታዲያ?»

«በተራዎ ነዋ» አሉ አቶ ሞላ። አሉና ያሉትን ሰሙት።

በዚያ አገር የጠላፊው ማሳ የሚጠጣው ከሁሉም በኋላ ነው፤ የመጨረሻው ጎረቤት ማሳ ካልረሰረሰ የእሱ አይከፈትም። ይህን ያወቅሁት ያን ጠዋት፣ እማማ ዘይነባ በጆሮዬ ሲነግሩኝ ነው። አያ እንድሪስ በሕይወታቸው የሌላ ሰው ማሽላ እየጠማው የእሳቸው ጠጥቶ አያውቅም። አንዳንድ ዓመት ጨርሶ አይደርሳቸውም ነበር። ዓርብ ዕለት ስለ እሳቸው ማሳ ማንም ስብሰባ አልተቀመጠም፣ ማንም ውሳኔ አላሳለፈም። ጠላፊነቱን ትተዋልና፣ ተራው ሲደርስ እንደ ማንኛውም ገበሬ ማሳ ከፈቱለት፤ ለእሳቸው መልካም ማድረጋቸው ነበር።

ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ያላለቀሱት ሰው ጣሳውን መሬት አስቀመጡና ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ።

እማማ ዘይነባ አጠገባቸው ተቀመጡ። «አልሐምዱሊላህ በሉ እንጂ» አሏቸው። «ዘንድሮ እንበላለን።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ከፎጣው ሥር።